የልጅነት ጀግኖቻችንን ከካሴት አውጥቶ ለደሴ ልጆች በአማርኛ ማሳየት፦ ከየት ይጀመራል?

ሆጤ_ንባብ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ ከ10 እስከ 13 ዓመት የሆኑ 25 ሴት ልጆች ያሉበት የንባብ ቡድን አለ። በዚህ ክረምት ለአራት ሳምንት፣ በሳምንቱ ቀናት አንድ መጽሐፍ እየተነበበላቸው ቅዳሜ ከዚያው መጽሐፍ የተሠራውን ፊልም እንዲያዩ ታስቧል። የተመረጡት በእኛ ጊዜ ልጅ የነበረ ብዙ ሰው በፍቅር የሚያስታውሳቸው ናቸው፦ የ«ትንሿ ልዕልት» ሳራ፣ የ«ምስጢራዊው የአትክልት ስፍራ» ሜሪ፣ ማቲልዳ እና ባለ ቀይ ፀጉሯ አን። ልጆቹ እንግሊዝኛ ያነባሉ እንጂ ፊልም ላይ የሚወራውን እየተከታተሉ አይሰሙም፤ ስለዚህ አማርኛው የግድ ነው።

በእጃችን ፊልሞቹ ያሉባቸው ዘጠኝ የቪኤችኤስ ካሴት አለ። ሰባቱ «ኢ-180» የሚል ተጽፎባቸዋል፣ ከቴሌቪዥን የተቀዱ ናቸው። ሁለቱ «ቲ-120» ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ከሰባቱ በሁለቱ ላይ፣ በመስኮታቸው በኩል ሲታዩ፣ የጥቅሉ ጠርዝ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ቲ-120ዎቹ ደግሞ ዴኩ ላይ ሲጫወቱ ምስሉ ቀለም የለውም፤ ወደ ላይ ይንከባለላል። ዴኩ ራሱ ደህና ነው።

ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር እንዴት እናውጣው? አማርኛውን እንዴት እናስገባ? ደግሞ እነዚህ መጻሕፍት ሁለት ሦስት ጊዜ ፊልም ሆነዋል፤ ለመጽሐፉ የቀረበው የትኛው ነው? የምታውቁ እርዱን።

ካሴት_ቤት (ኮምቦልቻ)

አብሽሪ እህቴ፣ አብዛኛው ይድናል። ግን ነጭ ዱቄት ያለባቸውን ሁለቱን ዴክ ውስጥ እንዳታስገቢ። ሻጋታ ነው። አንዴ ከገባ በሚሽከረከረው ከበሮና በመንገዱ ሁሉ ላይ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ የምታስገቢውን ጤነኛ ካሴት ሁሉ ይበክላል። ሁለቱን ለይተሽ፣ ከጫማና ከመድኃኒት ዕቃ ውስጥ የሚወጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምረሽ፣ በክዳን ያለ ፕላስቲክ ዕቃ አስቀምጪያቸው። ደርቆ ሻጋታው ዱቄት ሲሆን ነው የሚጠረገው፤ እርጥብ እያለ ከተነካ ቴፑ ላይ ይለጠፋል። ሲጠረግም በር ተከፍቶ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ልጆች በሌሉበት ይሁን። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚውል፣ ቢበላሽ የማይቆጭ አሮጌ ዴክ ካላገኛችሁ ሁለቱን ለመጨረሻ አቆዩአቸው።

ከጤነኞቹ ጀምሪ። ከሁሉ በፊት በካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሿን የፕላስቲክ ጥርስ ስበሪያት። እሷ ካለች በስህተት «መቅጃ» ቢነካ ፊልሙ ላይ ሌላ ነገር ይቀዳበታል፤ የጠፋው ደግሞ አይመለስም። ቀጥሎ ካሴቱን ሳታጫውቺ እስከ መጨረሻው አሳልፊና መልሰሽ ጠቅልዪ። ለዓመታት የቆመ ቴፕ አንዱ ቦታ ጠብቆ ሌላው ላልቶ ስለሚገኝ እንዲሁ ከተጫወተ ምስሉ ላይኛው ጫፍ ላይ ይጣመማል፣ ድምፁም ይንቀጠቀጣል።

የዴኩን ራስ (ከበሮው ላይ ያለውን ቴፑን የሚያነበውን ክፍል) ስታጸጂ የጆሮ ጥጥ አትጠቀሚ፤ የጥጡ ክር በራሱ ቀዳዳ ላይ ይያዝና ራሱን ይነቅለዋል። ለስላሳ ቆዳ ወይም ክር የማይተው ጨርቅ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል አርጥበሽ፣ ጨርቁን ከበሮው ላይ አስደግፈሽ ያዢና ከበሮውን በሌላ እጅሽ ቀስ እያልሽ አዙሪው። ጨርቁን ወደ ላይና ወደ ታች አትፈግፊ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ይድረቅ።

ሥራውን እኛ ጋ ኮምቦልቻ አውርዳችሁ ለመሥራት ካሰባችሁ ይህን ልብ በሉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በሐምሌ ብርድ ያደረ ካሴት የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሞቃት ክፍል ሲገባ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። እርጥብ ቴፕ ከበሮው ላይ ይጣበቅና ይጠመጠማል፣ አንዳንዴም ይበጠሳል። በማኅደሩ እንዳለ 24 ሰዓት ይረፍ፣ ከዚያ ይጫወት።

ሽቦው፦ ዴኩ የኤስ-ቪድዮ መውጫ ካለው እሱን፣ ከሌለው ቢጫውን ለምስል፣ ነጭና ቀዩን ለድምፅ። ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ትንሹ የዩኤስቢ መቅጃ ይበቃል፤ ነገር ግን ያረጀ ካሴት የሚልከው ምልክት ስለሚዛነፍ መቅጃው ፍሬም (ፊልሙ የተሠራበትን አንድ አንድ ምስል) እየጣለ ይሄዳል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከንፈርና ድምፅ ይለያያሉ። መድኃኒቱ በመሃል አንድ ዲቪዲ ሬኮርደር ማስገባት ነው። እሱ እንዲቀዳ ሳይሆን ምልክቱ በውስጡ እንዲያልፍ ብቻ፤ ሲያልፍ ይስተካከላል። ኢ-180ዎቹን በፓል (ከአሜሪካው የተለየው የቴሌቪዥን ሥርዓት ነው)፣ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ቅጂ። ዲቪ በሚባለው የፋይል ዓይነት ከተቀዳ በሰዓት 13 ጊጋባይት ይወስዳል፣ ስለዚህ ሙሉ የ3 ሰዓት ካሴት 39 ጊጋባይት ገደማ ነው። ያን ዋናውን አስቀምጪ፤ ለማሳያ የሚሆነውን ትንሹን ከእሱ ትሠሪያለሽ። ትንሹን ስትሠሪ ሃንድብሬክ በሚባለው ፕሮግራም ላይ መስመር ማስተካከያውን (ዲኢንተርሌስ) ክፈቺ፣ አለበለዚያ ልጅቷ በሮጠች ቁጥር ጠርዟ ማበጠሪያ ይመስላል። ከምስሉ ግርጌ የሚታየው የሚንቀጠቀጥ ቀጭን መስመር የቪኤችኤስ ተፈጥሮ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ድምፁ የሚንጫጫ ከሆነም የዴኩን ድምፅ ከ«ሃይ-ፋይ» ወደ «ኖርማል» ቀይሪው፤ ቴፑ ጠርዝ ላይ ሌላ የድምፅ መስመር አለ፣ እሱ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው።

ቲ-120ዎቹ ኤንቲኤስሲ በሚባለው በአሜሪካው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተቀዱ ናቸው። የሚንከባለለው ለዚያ ነው። ዴክሽ ኤንቲኤስሲ የሚያጫውት ከሆነ መውጫውን በዚያው በኤንቲኤስሲ አድርጊ፣ መቅጃውንም 720 በ480 አድርጊ። «ፓል 60» የሚለውን መካከለኛ ምርጫ ከመረጥሽ ቴሌቪዥን ይቀበለዋል፣ ብዙ የዩኤስቢ መቅጃ ግን ቀለሙን ያጠፋዋል። ከሱቅ የተገዙ ከሆኑ ደግሞ ምስሉ እየደመቀ እየደበዘዘ ሊመጣ ይችላል። ያ መቅዳት እንዳይቻል የተደረገ መከላከያ ነው። ከሱ ጋር አትታገሉ፣ የፊልሙን ዲቪዲ ግዙ። ሲገዛም ቁጥሩን እዩ፦ የአሜሪካው ዞን 1 ነው፣ የእኛ 5። የኮምፒውተር ዲቪዲ ማጫወቻ ዞን የሚቀየርለት 5 ጊዜ ብቻ ነው፣ በመጨረሻው ላይ ይቆለፋል።

ፊደል_ቆጣሪ

የካሴቱን ጉዳይ ወንድሜ ጨርሶታል። እኔ የአማርኛውን ልያዝ፤ ሥራው ያለው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ጊዜው። ከኢንተርኔት የምታገኙት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አብዛኛው የተሰላው በሰከንድ 23.976 ፍሬም ለሚሄድ ፊልም ነው። በፓል ቴሌቪዥን የተላለፈ ፊልም ግን በ25 ነው የሚሄደው፣ ማለትም 4 በመቶ ገደማ ይፈጥናል። 101 ደቂቃ የሆነው የ1993ቱ (እ.ኤ.አ.) «ምስጢራዊው የአትክልት ስፍራ» ካሴታችሁ ላይ 97 ደቂቃ ገደማ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የተቆረጠ ነገር ላይኖር ይችላል። ጽሑፉን እንዳለ ከጫናችሁት መጀመሪያ ላይ ልክ ይመስላል፣ 60ኛው ደቂቃ ላይ መውጣት ያለበት መስመር ግን ካሴቱ ላይ በ57 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ ነው የሚነገረው። ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ውስጥ የፍሬም መቀየሪያው ላይ ከ23.976 ወደ 25 በሉት፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ንግግር ብቻ በጆሮ አስተካክሉ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ መስመር በመስመር በእጁ ሲገፋ ሳምንት ይፈጃል። በማስታወቂያ የተቆራረጠ ቅጂ ከሆነ ግን ከእያንዳንዱ ቁራጭ በኋላ እንደገና ማስተካከል አለባችሁ።

ቀጥሎ መጠኑ። የእኛ አንድ ፊደል አንድ ክፍለ ድምፅ ስለሚይዝ የእንግሊዝኛው የቁጥር ሕግ ለእኛ አይሆንም። ለ10 ዓመት ልጅ በሰከንድ ከ9 ፊደል በላይ አትስጡ። በአንድ መስመር ቢበዛ 28 ፊደል፣ ከሁለት መስመር አይለፍ። ሁለት ሙሉ መስመር ከ6 ሰከንድ ትንሽ በላይ ይቆማል ማለት ነው። በዚህ ስሌት ከሚነገረው ሩቡን ያህል ትጥላላችሁ። የሚጣለው ደግሞ ይታወቃል፦ ሰላምታ፣ ድግግሞሽ፣ ፊቱ የሚናገረው ነገር። የማይጣለው የጀግናዋ የራሷ አነጋገር ነው። እነዚህን ልጆች እስከ ዛሬ የምናስታውሳቸው በሚሉት ነገርና በአባባላቸው ነው።

ስለዚህ አንድ መስመር ከመተርጎማችሁ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ጀግናዋ ማንን «አንቺ»፣ ማንን «አንተ»፣ ማንን «እርስዎ» ወይም «አንቱ» እንደምትል ጻፉ። እንግሊዝኛው ሁሉንም በአንድ ቃል ያልፋል፣ እናንተ ግን ማለፍ አትችሉም። ሳራን ውሰዱ። ትምህርት ቤቱን የምትመራው ሚስ ሚንቺን ሀብቷ ሲጠፋ አውርዳ ሎሌ አደረገቻት። ተርጓሚ ሳያስብ ሳራን በንዴቷ ሰዓት «አንቺ» ካስባላት ልጅቷን ገደላት። የሳራ ኩራት ክብር አለመጓደሏ ነው፤ በረኃብም በብርድም «እርስዎ» እንዳለች ትቀጥላለች፣ ሚስ ሚንቺን ግን እሷን ከመጀመሪያው «አንቺ» ትላለች። አድማጩ ልዕልቷ የትኛዋ እንደሆነች ከዚህ ብቻ ይገባዋል። ማቲልዳም ለዋና አስተማሪዋ ለትራንችቡል «እርስዎ» ትላለች፤ ለሚስ ሃኒም መጀመሪያ «እርስዎ» ትላለች፣ በመጨረሻ አብረው መኖር ሲጀምሩ ግን «አንቺ» መሆን አለበት። ያንን ሽግግር የቱ ትዕይንት ላይ እንደምታደርጉት ቁጭ ብላችሁ ተመካከሩ፤ ፊልሙ ውስጥ የሌለ፣ አማርኛ ብቻ የሚሰጣችሁ ጸጋ ነው። አን ደግሞ ለአሳዳጊዋ ለማሪላ «አንቱ» ብትል ለወሎ ልጅ ጆሮ የተሻለ ነው። «እርስዎ» የመሥሪያ ቤት ይመስላል፣ «አንቱ» የአያት ቤት ነው፤ ማሪላ ደግሞ ጓዳና ጓሮ ናት።

ግሥ። እንግሊዝኛው ግሡን መሃል ላይ ይጥልና ምስጢሩን በመጨረሻ ይናገራል፣ እኛ ግሡን መጨረሻ እናደርጋለን። ሜሪ ስለ ቁልፉ የምትናገርበትን ዓይነት ቦታ አስቡ፦ ንግግሩ በሁለት ጽሑፍ ተከፍሏል። በተራ ከተረጎማችሁት የመጀመሪያው ጽሑፍ «ቁልፉን እዚያ ውስጥ» ይላል፣ ሁለተኛው «አገኘሁት»። ተዋናይዋ ገና ሳትናገር ልጆቹ ቁልፉን አነበቡት፤ ትንፋሽ የሚያዝበት ቦታ ባከነ። መፍትሔው የራሳችን አነጋገር ውስጥ አለ፦ መጀመሪያ «ያገኘሁት ምን መሰላችሁ»፣ ቀጥሎ «ቁልፉን ነው»።

አሁን ወደ አን። አን ስሟ በመጨረሻው ላይ የማይነበብ ፊደል ተጨምሮ እንዲጻፍላት ትለምናለች። ድምፁ አይለወጥም፣ ለዓይኗ ግን ስሙ ያምራል። ይህን «በኢ ጻፉልኝ» ብሎ መተርጎም ለልጆቹ ምንም አይነግራቸውም። እኛ ግን ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ሁለት የሆኑ ፊደላት አሉን። «በአልፋው አ ሳይሆን በዐይኑ ዐ ጻፉልኝ» ትበል። «አን» እና «ዐን»። ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉ ወዲያው ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ስሟ እስከ ፊልሙ መጨረሻ በዐይኑ ዐ ይጻፍ፣ ሌሎች በንቀት ሲጠሯት ግን በአልፋው። ልጆቹ ልዩነቱን ራሳቸው ያገኙታል።

የቴክኒኩን በአጭሩ። ፋይሉን ስታስቀምጡ ኮዱ ዩቲኤፍ-8 ይሁን፤ ሌላ ከሆነ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ብቻ ይሆናል። ብዙ ቴሌቪዥንና ማጫወቻ የግዕዝ ፊደል በውስጡ ስለሌለው ባዶ ሳጥን ያሳያል። ስለዚህ ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትሙት። ለዚህ ከ«ኤስአርቲ» ይልቅ «ኤኤስኤስ» በሚባለው ዓይነት አስቀምጡት፣ እሱ የፊደሉን ስም አብሮ ይይዛል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ለማያ ጥሩ ነው። ጥቁር ጠርዙን ግን ከ2 ነጥብ አታስበልጡ። የላቲን ፊደል ወፍራም ጠርዝ ይችላል፣ የእኛ አይችልም፤ የአምስተኛው ፊደል ቀለበት ይደፈንና «ሌ» ከ«ሊ» አይለይም። ፊደሉም ሸራው ላይ ሲያርፍ ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ቁመት ይኑረው።

አንድ የዚህ ዓይነት ፊልም ከ1,000 እስከ 1,400 ጽሑፍ ይኖረዋል። አራቱን በአራት ሳምንት አንድ ሰው አይጨርሰውም፤ ፊልሞቹን ተከፋፈሉ፣ አንድ ፊልም ግን ለሁለት ተርጓሚ አትክፈሉ። ጀግናዋ መሃል ላይ ሌላ ሰው ትሆናለች።

ሸዋበር_12

ፊልሞቹ ከመጽሐፉ ጋር ስላላቸው ዝምድና፦

«ትንሿ ልዕልት» የፍራንሲስ ሆጅሰን በርኔት መጽሐፍ ነው፣ 1905 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሰው ሁሉ የሚወደው የ1995ቱ የአልፎንሶ ኩዋሮን ፊልም ነው፣ ውበቱም የማይካድ ነው። ነገር ግን ታሪኩን ከለንደን ወደ ኒውዮርክ፣ ዘመኑንም ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ወስዶታል። ትልቁ ለውጥ አባትየው ነው። በመጽሐፉ ይሞታል፣ አይመለስም፤ ሳራን የሚያገኛት የአባቷ ጓደኛ ነው። በፊልሙ አባትየው ትዝታውን አጥቶ በሕይወት ይገኛል። የ1939ኙም ፊልም እንዲሁ አባቱን አድኖታል። ለመጽሐፉ የሚቀርበው የ1985ቱ የጃፓን አኒሜሽን ነው፤ 46 ክፍል ስለሆነ ግን ለቅዳሜ አይሆናችሁም። የኩዋሮንን አሳዩ፣ መጽሐፉን ግን ከፊልሙ በፊት አንብባችሁ ጨርሱ። አባት ያጣች ልጅ ከመካከላቸው ልትኖር ትችላለች፤ መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ሳራ አባቷ ሳይመለስ ቀና ብላ የቆመች ናት፣ ያችን ሳራ አስቀድመው ይወቋት።

«ምስጢራዊው የአትክልት ስፍራ» የዚያችው ደራሲ ነው፣ 1911። የአግኔሽካ ሆላንድን የ1993 ፊልም ያዙ። የሜሪ ወላጆች በመጽሐፉ በኮሌራ ነው የሚሞቱት፣ በፊልሙ በመሬት መንቀጥቀጥ። ከዚያ በቀር መንፈሱ አንድ ነው፦ ሜሪ መጀመሪያ የማትወደድ፣ ኩርፍተኛ ልጅ ናት፣ ፊልሙም ሊያሳምራት አልሞከረም። የ2020ው ዘመኑን ወደ 1947 ስላመጣው ለንባብ ቡድን ግራ ያጋባል።

ማቲልዳ፦ መጽሐፉ 1988፣ ፊልሙ 1996፣ 98 ደቂቃ። እንግሊዛዊቷ ልጅ አሜሪካዊት ሆናለች። መጨረሻው ግን ይለያል። በመጽሐፉ ማቲልዳ ዕቃ በዓይኗ የማንቀሳቀስ ኃይሏን ታጣዋለች፣ አእምሮዋ የሚገባውን ከባድ ትምህርት ስላገኘ ኃይሉ የሚሄድበት አገኘ። በፊልሙ ኃይሉ ይቀርላታል። ይህንን መጽሐፍ በተቃራኒው አድርጉት፦ የመጨረሻውን ምዕራፍ ሳታነቡ ፊልሙን አሳዩ፣ ከዚያ ምዕራፉን አንብቡና የቱን እንደሚመርጡ ጠይቋቸው። ክርክሩ ያምራል።

አን፦ መጽሐፉ 1908፣ የሉሲ ሞድ ሞንትጎመሪ። ሜገን ፎሎውስ የሠራችበት የ1985ቱ የካናዳ ቴሌቪዥን ሥራ ከሁሉም ይበልጣል፤ ማሪላና ወንድሟ ማቲውም ከመጽሐፉ የወጡ ናቸው። ርዝመቱ ግን ከ3 ሰዓት በላይ ነው፣ ሁለት ክፍል ተደርጎ ነው የተሠራው። በአንድ ቅዳሜ አይሞከርም።

ሆጤ_ንባብ

እግዜር ይስጣችሁ፣ አላህ ያክብራችሁ። የዐይኑ ዐ ነገር ቡድኑን ሁሉ አስደስቷል። ሁለት ነገር ቀረን። አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ፕሮጀክተሩ 3,000 ሉመን፣ መብራት ደግሞ ይጠፋል። እና ሦስት አራት ልጆች ገና በዝግታ ነው የሚያነቡት። ለእነሱ ሲባል ጽሑፉን ትተን በድምፅ ማንበብ ይሻላል?

ፊደል_ቆጣሪ

ጽሑፉን አትተዉ። ለንባብ ቡድን ከዚህ የተሻለ የንባብ ልምምድ የለም።

ሐረጎ_ቁልቁለት

እኔ በዚህ ከፊደል_ቆጣሪ ጋር አልስማማም። በዝግታ የምታነብ ልጅ ግማሹን ሳትጨርስ ጽሑፉ ይጠፋባትና ከዚያ በኋላ ምስሉንም መጽሐፉንም ትጠላለች። ሁለቱንም አድርጉ፦ ጽሑፉ ሸራው ላይ ይኑር፣ አንዲት አንባቢ ደግሞ ያንኑ ጽሑፍ በማይክ ታንብብ። አንባቢዋ አንድ ብቻ ትሁን። ለየገጸ ባሕሪው የተለያየ ሰው ካደረጋችሁ ተራው ይዘበራረቃል። በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ሰብለ ወንጌልን፣ ጉዱ ካሳን፣ ፊታውራሪ መሸሻን ሁሉ የያዘው በአንድ ድምፅ ነው፣ ሰውም ሰብለን ዓይቷታል። ሰብለም እኮ ምስል ሳይኖራት በጆሮ የተወደደች ጀግናችን ናት፤ ልጆቹን ከፊልሞቹ በፊት ከዚያ ትረካ 15 ደቂቃ ብታሰሟቸው ምን ሊጠብቁ እንደሚገባ ይማራሉ። አንባቢዋ ጽሑፉን በትልቅ ፊደል አትማ፣ ፊልሙን ቢያንስ ሁለት ጊዜ አብራ አንብባ ትምጣ። የተዋናይዋ ድምፅ ከጀመረ በኋላ ግማሽ ሰከንድ ቆይታ ትጀምር፣ ዋናው ድምፅ ከሥር ይሰማ። ዘፈንና ለቅሶ ባለበት ዝም ትበል።

ፕሮጀክተሩን በተመለከተ ደሴ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ማውጫው ውስጥ «ከፍተኛ ቦታ» የሚል የማራገቢያ ምርጫ ይኖራል። አብዛኛው ፕሮጀክተር ከ1,500 ሜትር በላይ እንዲበራ የሚጠይቀው ነው፤ እኛ ከዚያ በ1,000 ሜትር እንበልጣለን። አየሩ ስስ ስለሆነ በተለመደው ፍጥነት የሚሽከረከር ማራገቢያ አምፖሉን አያቀዘቅዘውም፣ መሃል ላይ ራሱን ሊያጠፋ ወይም የአምፖሉ ዕድሜ ሊያጥር ይችላል። ሲበራ ድምፁ ይጨምራል፣ ስለዚህ ፕሮጀክተሩን ከልጆቹ ጆሮ አርቁት። ለ25 ልጅ ስፋቱ 2.4 ሜትር፣ ቁመቱ 1.35 ሜትር የሆነ ነጭ ሸራ ይበቃል። የአልጋ ልብስ ከሆነ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ አድርጉበት፣ አለበለዚያ ብርሃኑ ያልፍና ምስሉ ይገረጣል። የካሴቶቹ ምስል አራት ማዕዘኑ 4 በ3 ስለሆነ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል፤ ለመሙላት ብላችሁ አትወጥሩት፣ ልጅቷ ወፍራም ትሆናለች።

መብራት። የተለመደ ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ወደ 280 ዋት ይበላል። ላፕቶፕና ድምፅ ማጉያ ሲጨመር 380 ገደማ፣ ለ2 ሰዓት 760 ዋት-ሰዓት። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ይባላል፣ ነገር ግን የመኪና ዓይነት ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ስለሚሞት የምትቆጥሩት 600 ብቻ ነው፣ ኢንቨርተሩም ከዚያ ላይ 15 በመቶ ያህል ይበላል። አይበቃም። ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን፣ ወይም 100 ዋት የሚበላ የኤልኢዲ ፕሮጀክተር። የኤልኢዲው ብርሃን ደካማ ስለሆነ መስኮቱ በደንብ መጋረድ አለበት። ኮምፒውተሩ ላይ ግን በየጊዜው የቆማችሁበትን ደቂቃ ጻፉ፣ መብራት ሲመለስ ፍለጋ እንዳይሆን።

ቆርቆሮው ከሁሉ ይከፋል። በሐምሌና ነሐሴ የደሴ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፣ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የትኛውም ድምፅ ማጉያ አያሸንፈውም። ጠዋት 3 ሰዓት ጀምራችሁ ከ5 ሰዓት በፊት ጨርሱ። ዝናቡ ከቀደማችሁ አንባቢዋ ትረፍ፣ ያኔ ጽሑፉ ብቻውን ይሠራል። ሁለቱንም ያዙ ያልኩት ለዚህም ነው።

ሸዋበር_12

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ መብት። በኢትዮጵያ አዋጅ 410/1996 (ይህ ዓ.ም. ነው፣ ቀጥሎ ያሉት ዓመታት ግን እ.ኤ.አ.) መሠረት የደራሲ መብት የሚጠበቀው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው። በርኔት የሞተችው በ1924፣ ሞንትጎመሪ በ1942 ስለሆነ የሳራን፣ የሜሪንና የአንን መጻሕፍት ተርጉማችሁ አባዝታችሁ ለልጆቹ መስጠት ትችላላችሁ፤ እንግሊዝኛው በነፃ ይገኛል። የማቲልዳ ደራሲ ሮልድ ዳል የሞተው በ1990 ነው፣ የእሱ ገና የተጠበቀ ነው፤ መጽሐፉን ገዝታችሁ አንብቡላቸው እንጂ አታባዙት። ፊልሞቹን ለሕዝብ ማሳየት ፈቃድ ይጠይቃል። በር ላይ ገንዘብ አትቀበሉ፣ የተረጎማችሁትንም ኢንተርኔት ላይ ከነፊልሙ አትጫኑ።

ሆጤ_ንባብ

ወስነናል። በሳራ እንጀምራለን፣ ቀጥሎ ሜሪ፣ ሦስተኛና አራተኛው ቅዳሜ አን በሁለት ክፍል። ማቲልዳ ለገና ዕረፍት ትቆያለች። አንባቢም ተገኝታለች። የቀረው አንድ ጥያቄ ለፊደል_ቆጣሪ ነው፦ አንባቢዋ «አን» እና «ዐን»ን በድምፅ እንዴት ትለያቸው? ጽሑፉ ላይ ይታያል፣ በጆሮ ግን አንድ ነው።

ፊደል_ቆጣሪ

አትለያቸው። በእንግሊዝኛውም በጆሮ አንድ ናቸው፤ ልጅቷ የምትለምነው እንዲሰማ ሳይሆን እንዲጻፍ ነው። አንባቢዋ እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ ብቻ ትንሽ ቆም ትበል፣ ልጆቹ ቀና ብለው ሸራውን እንዲያዩ። በአንባቢም በጽሑፍም አድርጉ ስለተባለውም ሐረጎ_ቁልቁለት ትክክል ነው፣ የእኔን ትቻለሁ።